የሮድስ ስምና የእኔ ምላስ

ስም ዝም ብሎ ስም ሆኖ ሲቀመጥ ማየት አልችልም። የሰፈር ይሁን የወንዝ፣ የምግብ ቤት ይሁን የሰው፣ ከየት እንደመጣ ካልተናገርኩ የበላሁት አይፈጭልኝም። ይህ ጠባይ በልጅነቴ "ጠያቂ" አሰኝቶኛል፤ ጎልማሳ ስሆን "አዋቂ" ተብዬበታለሁ፤ ዛሬ ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ ግን እኔ ስገባ ሰዎች ወሬ ይለውጣሉ። አልፈርድባቸውም። እኔም ብሆን ከእኔ እሸሽ ነበር።

መጠየቁ ብቻ ቢሆን ኃጢአት አይባልም። የእኔ ነገር ከዚያ ያልፋል። ለአንድ ስም ሁለት ፍቺ ከቀረበልኝ እውነት የሚመስለውን ትቼ ሲያወሩት የሚያምረውን አነሣለሁ። ድምፃቸው የተቀራረበ ሁለት ቃላት ካገኘሁ የሥጋ ዘመዳሞች ናቸው ብዬ እምላለሁ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ "አይታወቅም" የምትለዋ ቃል ከአፌ አትወጣም፤ ጉሮሮዬ ላይ ደርሳ ትመለሳለች። እነዚህ ጉድለቶች በየተራ ብዙ ቦታ አዋርደውኛል። ሦስቱም ባንድነት የተነሡብኝ ግን በአንዲት የግሪክ ደሴት ምክንያት ነው። ደሴቷን ረግጫት እንኳ አላውቅም።

ሮድስ ትባላለች። ግሪኮቹ ሮዶስ ይሏታል፤ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ ሩድ ይላታል። በኤጂያን ባሕር ደቡብ ምሥራቅ ጥግ፣ ከቱርክ ጠረፍ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። ሌላ ሰው ሮድስ ሲባል ትዝ የሚለው ከጥንቱ ዓለም ሰባት ድንቆች አንዱ የነበረው የነሐስ ሐውልት ነው። የሊንዶሱ ካሬስ ሠራው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ226 ዓመት ገደማ የመሬት መንቀጥቀጥ ከጉልበቱ ሰብሮ ጣለው። ቁመቱ 33 ሜትር ያህል ነበር ይባላል። እኔ ግን 33 ሜትር ሐውልት አልፌ በሦስት ፊደል የምደናቀፍ ሰው ነኝ።

ነገሩ የተጀመረው በጽጌረዳ ነው። ጽጌረዳ በግሪክኛ ሮዶን ነው። ደሴቷ ሮዶስ፣ አበባው ሮዶን፤ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? ማስረጃ ለሚፈልግም አለ። ሊንዶስ፣ ያሊሶስና ካሚሮስ የተባሉት ሦስቱ የደሴቷ ከተሞች ከክርስቶስ ልደት በፊት በ408 ዓመት ተባብረው ሮዶስ የምትባል አዲስ ከተማ ሲቆረቁሩ፣ ባስመቱት የብር ገንዘብ ላይ በአንዱ ገጽ የፀሐዩን አምላክ የሄሊዮስን ፊት፣ በሌላው ገጽ ጽጌረዳ አደረጉበት። በስማቸው የሚጫወት ምልክት በገንዘብ ላይ ማተም በዚያ ዘመን የተለመደ ነበር። በሲሲሊ የነበረችው ሴሊኑስ ሴሊኖን የሚሉትን የዱር ሴለሪ ቅጠል አትማለች፤ ፎካያ ደግሞ ፎኬ የሚሉትን የባሕር እንስሳ። በብር ላይ የተመታ ፍቺ ማን ይጠራጠራል? እኔ አልጠረጠርኩም።

ከዚያ በላይ የባሰው መጣ። የእኛው "ጽጌረዳ" ጽጌ የሚለው ክፍሉ በግእዝ አበባ ማለት ነው፤ ረዳ የሚለውን ሊቃውንት ከዚያው ከግሪኩ ሮዶን ጋር ያገናኙታል። ይህን ያነበብኩ ማታ ብቻዬን ቁጭ ብዬ አጨበጨብኩ። ደሴቷ የአማርኛ ዘመድ ሆነች! ከዚያ ቀን ወዲህ በእኔ ፊት ጽጌረዳ ይዞ የገባ ሰው አበባውን አስቀምጦ ለመውጣት ጊዜ ይፈጅበታል። አንዲት ሙሽራ እቅፍ አበባዋን እንደያዘች ስለ ሊንዶስ ከተማ ስሰብክላት ሚዜዎቹ መጥተው አስጥለዋታል።

ያን ጊዜ አውቄ እንዳላወቅሁ ያለፍኩት ነገር አለ። በገንዘብ ላይ ያለ አበባ የሚነግረን ሮድሳውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በስማቸው ውስጥ ምን ይሰሙ እንደነበር ነው። ስሙ ከየት እንደመጣ አይነግረንም። ሆሜር በኢሊያድ የመርከቦቹን ዝርዝር ሲቆጥር የሄራክሊስ ልጅ ትሌፖሌሞስ ከሮዶስ ዘጠኝ መርከብ ይዞ ወደ ትሮይ ዘመተ ይላል፤ ሦስቱንም ከተሞች በስም ይጠራል። እንግዲህ ስሙ ከገንዘቡ በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል። በዚህ ላይ በብሩ ላይ ያለው አበባ ጽጌረዳ ሳይሆን የሮማን አበባ ነው ያሉም ነበሩ። ይህን ባነበብኩ ጊዜ "ሮድስ፣ ሮማን" ብዬ ለቅጽበት ልቤ ዘለለ። ከዚያ ተውኩት። እፍረት ይዞኝ እንዳይመስላችሁ፤ ጽጌረዳው ስለሚያምርብኝ ነው።

ሁለተኛው ጣፋጭ ታሪክ የገጣሚው የፒንዳር ነው። የሮድሱ ቦክሰኛ ዲያጎራስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ464 ዓመት በኦሎምፒያ ሲያሸንፍ ፒንዳር የድል መዝሙር ጻፈለት፤ በኋላም ግጥሙ በወርቅ ፊደል ተጽፎ በሊንዶስ በአቴና መቅደስ ተቀመጠ ተብሏል። በዚያ መዝሙር አማልክቱ ምድርን በዕጣ ሲከፋፈሉ ሄሊዮስ አልነበረም፤ ድርሻውን ረሱት። ዜውስ ዕጣው እንደገና ይጣል ቢል ሄሊዮስ እምቢ አለ፤ ከባሕር ሥር ገና ብቅ በማለት ላይ ያለች ምድር አይቶ ነበርና "እሷ ትሰጠኝ" አለ። ደሴቷ ወጣች፤ ከእሷም ጋር የአፍሮዲት ልጅ የሆነችው ሮዶስ። ሄሊዮስ አገባት፤ ሰባት ወንዶች ልጆችም ወለደችለት። ሌሎች ጸሐፊዎች የዚህችን ሮዶስ እናት ሃሊያ ናት፣ አምፊትሪቴ ናት እያሉ ይጨቃጨቃሉ። እኔ ግን በአንድ እናት አጽንቼ ሳወራው ኖሬአለሁ፤ ሰው ቡና እየጠጣ እናት ሲቀያየርበት ይሰላቻል።

ዲዮዶሮስ የተባለው የሲሲሊ ታሪክ ጸሐፊ ይኸንኑ ተረት ከነገረን በኋላ በጨዋ ደንብ አንድ ነገር ያክላል። እውነቱ፣ ይላል፣ ደሴቷ በመጀመሪያ ጭቃና ረግረግ ነበረች፤ ፀሐይ ውኃውን አደረቀውና ለም ሆነች፤ ተረቱም የመጣው ከዚያ ነው። ይህን አንድም ቀን ለሰው ተናግሬ አላውቅም። ስለ ረግረግ ሰምቶ ማን ተደንቆ ያውቃል?

ሌላው ድክመቴ የቃል ጥናት ነው። የሮድስን የድሮ ስሞች በቃሌ አጥንቼ በአንድ ትንፋሽ እወርዳቸዋለሁ። የግሪኩ የመልክዐ ምድር ጸሐፊ ስትራቦን ኦፊዩሳ፣ ስታዲያ፣ ቴልኪኒስ ይላል። ሮማዊው ፕሊኒ ደግሞ አስቴሪያ፣ አይትሪያ፣ ትሪናክሪያ፣ ኮሪምቢያ፣ ፖዬሳ፣ አታቢሪያ፣ ማካሪያ፣ ኦሎኤሳ ይጨምራል። ስጨርስ ሰዎች "ይገርማል" ይላሉ፤ እኔም ይህችን "ይገርማል" ለመስማት ስል የማልነግራቸው አለ። አስቴሪያ ዴሎስም የተባለችበት ስም ነው፤ ትሪናክሪያ ሲሲሊም የተባለችበት ነው፤ እባባማ ማለት የሆነው ኦፊዩሳም በሌሎች ደሴቶች ላይ ይገኛል። ስለዚህ አብዛኞቹ ስም ሳይሆኑ ቅጽል ናቸው፤ ባለ ሦስት ማዕዘን፣ የተባረከች፣ እባብ የበዛባት እንደ ማለት። ቅጽሉን ስም ብዬ ስቆጥር ዝርዝሬ ረዘመ፤ እኔም ረዘምኩ።

ከስሞቹ አንዱ ግን ሳነበው አፌን ዘግቶታል፤ ቴልኪኒስ። ቴልኪኖች በሮድስ ይኖሩ ነበር የሚባሉ አንጥረኞች ናቸው። ብረትና ነሐስ በመሥራት ቀዳሚ ነበሩ ይባላል። ሰው ስለ እነሱ ሲያወራ ግን ዓይናቸው ክፉ ነው፣ የስቲክስን ወንዝ ውኃ ከድኝ ጋር ቀላቅለው እየረጩ ከብትና ተክል ያጠፋሉ ይል ነበር። ስትራቦን ይህን ጽፎ ሲያበቃ ነገሩን የሚገለብጥ ሌላ ወሬ ያስከትላል፤ በእጃቸው ጥበብ የተቀኑባቸው የሙያ ተፎካካሪዎቻቸው ናቸው ስማቸውን ያጠፉት። ቀጥቃጩን ቡዳ ሲል በኖረ አገር ያደገ ሰው ይህን ሲያነብ ቤቱን ያውቃል። ከሰበሰብኳቸው ሁሉ ቁም ነገር ያለው ምናልባት ይኸኛው ነው። በጨዋታ መሀል አንሥቼው አላውቅም፤ ጨዋታ ያቀዘቅዛል ብዬ ፈራሁ። ኑዛዜ ከተባለ ከባዱ ይህ ነው።

የእባቡ ነገር ይምጣ። ዲዮዶሮስ እንደሚለው በአንድ ዘመን ደሴቷ ሰው በሚገድሉ ታላላቅ እባቦች ተሞልታ ነበር፤ ሮድሳውያን በትንቢት ታዝዘው ፎርባስን ከቴሳሊ ጠሩት፤ እሱም አጸዳላቸው። ሳሙኤል ቦሻር የተባለ ፈረንሳዊ የፕሮቴስታንት ሰባኪ እ.ኤ.አ. በ1646 ባሳተመው መጽሐፉ ይህን ይዞ ተነሣ። ቦሻር በሜዲትራኒያን ዳርቻ ያለውን የቦታ ስም ሁሉ ፊንቄያውያን ያወጡት የሚመስለው ሰው ነበር። ሮዶስንም እባብ ከሚል የሴም ቃል አወጣው። ሴም ሲባል ልቤ ቆመ። ሴም ከሆነ ግእዝ አለ፤ ግእዝ ካለ "አርዌ" አለ! ከሮዶስ ላይ አንዱን ፊደል ቆርጬ፣ ከአርዌ ፊት አንዱን ጥዬ፣ መሀሉ ላይ አንድ አናባቢ ጠምዝዤ ሁለቱን ለማገናኘት ሌሊቱን ሙሉ ደከምኩ። ሊነጋ ሲል ተገናኙ። በዚያ ዘዴ ሮድስን ከአርማጭሆም ጋር ማገናኘት ይቻል እንደነበር የገባኝ ከቁርስ በኋላ ነው። ቦሻር ቢያንስ ብዙ ቋንቋ ያውቅ ነበር። እኔ ያለኝ አንድ መዝገበ ቃላትና ድፍረት ነው።

እንዲህ ሆኜ ሳለሁ ነው ለአንዲት ሕፃን ክርስትና የተጠራሁት። ልጅቷ ሮዳስ ተብላለች። ስሙን ስሰማ እጄ ላይ የነበረው ጉርሻ ቆመ። ሮዳስ! ከሮዶስ የሚለያት ምንድን ነው? ማንም ሳይጠይቀኝ ተነሣሁ።

"ሮዳስ ማለት ሮዶስ ማለት ነው" አልኩ ጉሮሮዬን ጠርጌ። "የጽጌረዳ ደሴት። ከባሕር ስትወጣ ፀሐይ አይቶ የመረጣት።" የፀሐዩ አምላክ ማለቱን ቄሱ ስለነበሩ ዋጥኩት።

እልልታው ቀለጠ። የልጅቷ አያት ተነሥተው ግንባሬን ሳሙኝ። እዚያ ላይ ብቀመጥ ኖሮ ዛሬም በዚያ ቤት እጠራ ነበር። እልልታ ግን ለእኔ ዓይነቱ ሰው እንደ ጠጅ ነው፤ አንዱ ሌላውን ይጠራል።

"በእርግጥ" አልኩ ቀጥዬ፣ "ስሙ እባብ ማለት ነው የሚሉም አሉ።"

ቤቱ ጸጥ አለ።

"ማን ነው እባብ?" አሉ አያቷ።

"ልጅቷ አይደለችም፣ እማማ። ደሴቷ ናት።"

"አሁን ስሟ የደሴቷ ስም ነው ብለኸን የለም እንዴ?"

በዚህ ጥያቄ ላይ ቦሻርም ቢኖር መልስ ያጣ ነበር። ያዳኑኝ ቄሱ ናቸው፤ ማዳን ከተባለ። "ልጄ" አሉ ረጋ ብለው፣ "ሮዳስ ከአምስቱ ቅንዋተ መስቀል አንዱ ነው። ሳዶር፣ አላዶር፣ ዳናት፣ አዴራ፣ ሮዳስ። ጌታ የተቸነከረበት ችንካር ስም ነው። ይህን ለማወቅ ባሕር መሻገር አያስፈልግም።" ይህን በልጅነቴ ሰምቼዋለሁ፤ እናቴ በስቅለት ዕለት ስትቆጥራቸው አስታውሳለሁ። የሩቁን ሳሳድድ የቤቴን ረሳሁት።

ልክ ያለው ሰው እዚህ ላይ ይበቃዋል። እኔ ወደ ቤቴ ሮጥኩና ችንካሮቹን ማገላበጥ ጀመርኩ። ሊቃውንት እነዚህን አምስት ስሞች ሳቶር፣ አሬፖ፣ ቴኔት፣ ኦፔራ፣ ሮታስ ከሚሉ አምስት የላቲን ቃላት ጋር ያዛምዷቸዋል። ቃላቱ አንዱ ከሌላው በታች ሲጻፉ ከግራም ከቀኝም፣ ከላይም ከታችም ያው ይነበባሉ። እ.ኤ.አ. በ79 በእሳተ ገሞራ በተቀበረችው በፖምፔ ከተማ ግድግዳ ላይ ሳይቀር ተጭረው ተገኝተዋል። ሮታስ በላቲን መንኮራኩሮች ማለት ነው። ከግሪክ ደሴት ጋር የሚያገናኘው አንዳች ነገር የለም። ደስታዬ ወሰን አጣ፤ ስልኬን አንሥቼ የልጅቷ አባት ዘንድ ደወልኩ።

"እንኳን ደስ አለህ" አልኩት፣ "እባብ አይደለችም። መንኮራኩር ናት።"

"እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ" አለኝ። "ልጅቷ ተኝታለች።" ስልኩም ተዘጋ።

ውርደቴን የማስታግስበት የራሴ መድኃኒት አለኝ፤ የሌሎችን ስሕተት እሰበስባለሁ። በመካከለኛው ዘመን በአውሮፓ ቅዱስ ጳውሎስ ለቈላስይስ ሰዎች የጻፈው መልእክት ለሮድስ ሰዎች የተጻፈ የመሰላቸው ነበሩ፤ ግዙፉ ሐውልት ኮሎሶስ ይባል ስለነበር ቈላስይስ ከዚያ የመጣች መሰለቻቸው። ቈላስይስ ግን በትንሹ እስያ መሀል አገር ያለች ከተማ ነበረች። በዕብራይስጡ ኦሪት ዘፍጥረት ከያዋን ልጆች አንዱ "ዶዳኒም" ተብሎ ሲጻፍ፣ ያው ዝርዝር በዜና መዋዕል "ሮዳኒም" ይላል፤ በዕብራይስጥ የ"ድ" እና የ"ር" ፊደላት መልክ እጅግ ስለሚቀራረብ አንዱ ገልባጭ ዓይኑ ስቶ መሆን አለበት። የጥንቱ የግሪክ ትርጉም በሁለቱም ቦታ ሮድሳውያን ብሎ አረፈው። እነዚህን ሁሉ በደብተሬ ላይ አስፍሬ ሳበቃ ትንሽ ይቀለኛል። ሰው በጎረቤቱ ኃጢአት የሚጽናና ከሆነ ንስሐው ምን ያህል እንደሚጸና ታውቃላችሁ።

የቁም ነገረኞቹ ቃል ቀልብ አይስብም። ፓውል ክሬችመር የተባለ የቋንቋ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1896 ባሳተመው ጥናቱ በግሪክ ምድር እንደ ቆሮንቶስ ባሉ ስሞች ውስጥ የሚደጋገም ድምፅ እንዳለ፣ ያም በትንሹ እስያ ስሞች ውስጥ እንደሚገኝና ከግሪክኛ በፊት ከነበረ ቋንቋ የቀረ መሆኑን አሳየ። የሮድሷ ሊንዶስም እዚያ ወገን ትመደባለች። የደሴቷ ስም ራሱም ግሪኮች መጥተው ያገኙት ሳይሆን አይቀርም የሚሉ ብዙ ናቸው። ጽጌረዳውም ቢሆን ለግሪክኛ እንግዳ ነው። ማይክል ቬንትሪስ እ.ኤ.አ. በ1952 የጥንቱን የሸክላ ሰሌዳ ጽሕፈት ሲፈታ፣ በፒሎስ ቤተ መንግሥት የጽጌረዳ መዓዛ ያለው ዘይት የተመዘገበበት ቃል በ"ወ" ሲጀምር ተገኘ። ቃሉ ከምሥራቅ የመጣ ነው፤ የዐረብኛው ወርድና የአርመንኛው ቫርድ ዘመዶቹ ናቸው። እንግዲህ አበባውም እንግዳ፣ ስሙም እንግዳ፤ በግሪኮች አፍ ላይ ተገናኝተው መመሳሰላቸው ብቻ ነው የሚታየው። ሮድሳውያንም እንደ እኔ ያማረውን መረጡ። ልዩነታችን እነሱ በፍቺያቸው ገንዘብ መምታታቸው፣ እኔ በፍቺዬ ግብዣ ማጣቴ ነው።

የስሙ ምንጭ አይታወቅም ማለት ይህን ያህል የሚከብደኝ ለምን እንደሆነ አስቤበታለሁ። ለእውነት ካለኝ ፍቅር አይደለም። "አይታወቅም" ላለ ሰው እልል የሚል የለም፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ኋላ ለእኚያው ቄስ ሁሉንም ተናዘዝኩ። የነፍስ አባቴ ናቸውና መሸሻ አልነበረኝም። ሲሰሙኝ ቆይተው፣ "የሐዋርያት ሥራን ታነባለህ?" አሉኝ።

"አነባለሁ፣ አባ።"

"ጳውሎስ ከቆስ ተነሥቶ በማግሥቱ ሩድ ገባ፤ ከዚያ ወደ ጳጥራ አለፈ። አንድ ቀን ነው ልጄ። ሐዋርያው በአንድ ቀን ያለፈውን ደሴት አንተ ዕድሜህን ሙሉ ትዞርበታለህ?" ከዚያ ቀኖና ሰጡኝ። ስግደትም ጾምም አይደለም። ሰው የስም ፍቺ ሲጠይቀኝ "አላውቅም" ብዬ ዝም እንድል ነው።

ሞክሬዋለሁ። ለቡና በተሰበሰብንበት አንድ ወጣት ሮድስ የሚለው ስም ከየት እንደመጣ ጠየቀኝ፤ ማን እንደላከብኝ እንጃ። ትንፋሼን ሳብኩና "አላውቅም" አልኩ። ቤተሰቡ ሁሉ ዞሮ አየኝ። እንዴት ያለ ክብር መሰላችሁ! ዝምታው ግን ትንሽ ረዘመብኝና፣ "እኔ ብቻ ግን አይደለሁም የማላውቀው" ስል ጨመርኩ። ስትራቦንም አያውቅም፤ ፕሊኒም አያውቅም፤ ቦሻር አውቃለሁ ይላል እንጂ አያውቅም። ሁለተኛው ቡና ሳይቀዳ ሰው ሁሉ ምጣድ ጥዶ እንደመጣ ትዝ አለው።

አለማወቄንም እንደ ዕውቀት መሸጥ ጀምሬአለሁ ማለት ነው። "የሮድስ ስም ከየት እንደመጣ አይታወቅም" የምትል አንዲት ዐረፍተ ነገር ለማድረስ እናንተንም ይህን ሁሉ ገጽ አስገላብጬአችኋለሁ። ስለዚህ ተናዝዟል፣ ተፈውሷል ብላችሁ ለልጃችሁ ክርስትና እንዳትጠሩኝ። ከጠራችሁኝም ስሟን አትንገሩኝ።